ዝናብ ሲጥል በሦስት የሚሠራ ሞተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ካደረ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰማ ቅሬታ አለ። «ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት) ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፣ ፀሐይ ስትወጣ ይተወዋል።» መኪናው ላዳ፣ ዲኤክስ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ሊሆን ይችላል። የሆነው ግን ተመሳሳይ ነው፤ ቤንዚኑ ከሚቃጠልባቸው ሲሊንደሮች አንዱ ወይም ሁለቱ እሳት (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) አጥተዋል። ከአራቱ አንዱ ሲሞት ሞተሩ «በሦስት» ይሠራል ይባላል። ስለዚህ ችግር ከሚባሉት ነገሮች ብዙዎቹ ገንዘብ ያስወጣሉ እንጂ መኪናውን አያድኑም።

«ዝናቡ ነው ያበላሸው፤ ሲደርቅ ይስተካከላል»

ዝናቡ የቆየ ጉዳት አጋለጠ እንጂ አዲስ ነገር አላበላሸም። ቮልት የሚያሳድገው ኮይል የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 15 ሺህ፣ አንዳንዴም ከ30 ሺህ በላይ ያደርሰዋል። ይህን ኃይል ወደ ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱን ወደሚያዘልለው ዕቃ) የሚያደርሰው ካቦና የዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳን ጤነኛ ከሆነ ላዩ ቢረጥብም ሞተሩ አይሰማውም። የካቦው ጎማ በሙቀት ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ የበጋው አቧራም ከዘይት ጋር ከተለጠፈበት ነገሩ ይለወጣል። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ የሚያስተላልፈው ውሃው ያሟማው ቆሻሻ ነው። እሳቱ በዚያ በኩል አቋራጭ አግኝቶ ወደ ሞተሩ ብረት ይሄዳል፣ ካንዴላው ባዶውን ይቀራል።

«ሲደርቅ ይተወዋል» ብሎ ማለፍ ደግሞ ጉዳቱን ያሳድገዋል። እሳቱ ባመለጠ ቁጥር የሄደበትን ፕላስቲክ ያከስለዋል። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ፈትተው ውስጡን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው፣ ወይም ወደ ክዳኑ ጠርዝ የሚሄድ፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል፣ እንደ ዛፍ ሥር የተበታተነ ቀጭን ጥቁር መስመር ካዩ ያ ከሰል ነው። ከሰል ደርቆም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ በሐምሌ ጠዋት ብቻ ይንቀጠቀጥ የነበረው መኪና ጥቅምት ላይም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ለጥቂት ቀን ማታለል ነው፤ ክዳኑ ከነሮተሩ (ከሥሩ ከሚሽከረከረው ማከፋፈያ ጋር) ይቀየራል። ሲቀየር ካቦዎቹን በአንድ ጊዜ አይንቀሉ፤ አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያዛውሩ። ቢምታታብዎ የላዳም ሆነ የኮሮላ አራት ሲሊንደር የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። ከክዳኑ ሥር ጎማ የነበረው ከሆነ ጎማው መመለሱን ያረጋግጡ። እሱ ከቀረ አዲሱም ክዳን ውሃ ያስገባል።

«ካንዴላ ቀይርለት»

ይህ ምክር የሚወደደው ለሳምንት ያህል ስለሚሠራ ነው። ያረጀ ካንዴላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የሰፋ ክፍተት ለመዝለል ብዙ ቮልት ይጠይቃል፤ ቮልቱ ሲጨምር ደግሞ በደካማው ካቦ በኩል ማምለጥ ይቀላል። አዲስ ካንዴላ ሲገባ የሚፈለገው ቮልት ይቀንስና ካቦው ለጊዜው ይችለዋል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን ችግሩ ይመለሳል።

ካንዴላውን ሲነቅሉ ጫፉን ብቻ አይዩ፤ ነጩን ሸክላ በጨርቅ ጠርገው ያዙሩት። ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በሸክላው ላይ እየተንሸራተተ ሲያመልጥ ነበር። ተመሳሳይ መስመር በካቦው ጫፍ ጎማ ውስጥም ታትሟል። ካንዴላውን ቀይሮ ያንኑ ጎማ መመለስ አዲሱን ካንዴላ ያበላሻል፤ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። የክፍተቱ ልክ በፑንቲና (የኮይሉን ኤሌክትሪክ እየቆረጠ በሚያገናኝ የብረት ማብሪያ) ለሚሠራ ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር፣ ፑንቲና ለሌለው ከ0.7 እስከ 0.8 ነው።

«በቴስተር ለክተነዋል፣ ካቦው ደህና ነው»

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) የሚለካው በትንሽ ባትሪው ነው። ለአሮጌ ቶዮታዎች የአንድ ካቦ የመቋቋም (ሬዚስታንስ) ከፍተኛ ልክ 25 ኪሎ ኦም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ካቦው በእርግጥ ሞቷል። ከዚያ በታች መሆኑ ግን የውስጡ መስመር አልተበጠሰም ማለት ብቻ ነው። ላዩ ላይ ያለው ጎማ 20 ሺህ ቮልት ይችል እንደሆነ ቴስተሩ አያውቅም።

የሚያውቀው ጨለማና ውሃ ነው። ማታ፣ ወይም ጨለማ ጋራዥ ውስጥ፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ማርሽ ነፃ (ፍሪ) ላይ አድርገው፣ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ይተዉትና ኮፈኑን ይክፈቱ። ልብስ ሲተኮስ ውሃ በሚነፋበት ዓይነት ጠርሙስ ስስ ጉም ብቻ ይንፉ። ከኮይሉ አንገት ይጀምሩ፣ ከዚያ ከኮይል ወደ ክዳን የሚሄደው ካቦ፣ ከዚያ ክዳኑ፣ በመጨረሻ የየሲሊንደሩ ካቦና ጫፉ። በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ሁሉንም በአንዴ ካራሱ የቱ እንደሆነ አይለይም። የሚያመልጥበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል፣ «ጣ ጣ» የሚል ድምፅም ይሰማል፤ ሞተሩም ወዲያው በሦስት ሲሊንደር ብቻ ይሠራል። ማራገቢያው የሚስበው ነጠላ ወይም ሻርፕ አይኑርዎ፣ ካቦውንም በእጅ አይንኩ፤ በጋለው የጭስ ማውጫና በዲናሞው ላይ ውሃ አይንፉ።

አንዳንዱ የሞተውን ሲሊንደር ለማግኘት ካቦ በካቦ እየነቀለ ያዳምጣል። ፑንቲና ያለው የድሮ ላዳ ይህን ይችለዋል። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ባለው መኪና ግን እሳቱ መሄጃ ሲያጣ ኮይሉን ወይም ሞጁሉን (በፑንቲና ፋንታ የሚሠራውን ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ሊጎዳ ይችላል።

«ደብሊው ዲ 40 ንፋበት፣ አለቀ»

ይህ የሚረጭ ቅባት ውሃ ያባርራል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤት መድረሻ ይሆናል። ጥገና ግን አይደለም፤ የሚተወው ስስ ቅባት አቧራ ይይዛል። ክዳኑ ውስጥ ነፍቶ ወዲያው ማስነሳት ደግሞ አደገኛ ነው፦ እንፋሎቱ ይቀጣጠላል፣ ሮተሩም የሚሠራው እሳት እያዘለለ ነው። ከነፉበት ጠርገው፣ ክዳኑን ክፍት ትተው ያናፍሱት። ካቦው ደህና ከሆነና እርጥበት እንዳይገባ ብቻ ከተፈለገ፣ በጫፉ ጎማ ውስጥ ለኤሌክትሪክ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት በስሱ መቀባት ይበቃል። ተራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል።

«ቪትዝ ካቦ ስለሌለው ዝናብ አይነካውም»

በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል አለ፤ ካቦ የለም፣ የኮይሉ ጎማ ግን አለ። ከፊት መስታወት ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈን፣ ወይም ሞተር በግፊት ውሃ ሲታጠብ፣ ውሃው ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ኮይሉን ነቅለው፣ ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት ጉድጓዱን በአየር ይንፉት፤ አለበለዚያ ካንዴላው ሲፈታ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የብልሽት ኮድ የሚያነበው ማሽን ፒ 0301 ካሳየ አንደኛው ሲሊንደር አልተቃጠለም ማለት ነው እንጂ «ኮይል ግዛ» ማለት አይደለም። የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያቀያይሩ። ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከዞረ ኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን ዕቃ) እና ሽቦውን ያጣሩ። የቼክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) እያቃጠለው ነውና አይንዱ። (እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያለው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ሲሊንደሩ ሦስት ነው። ሚኒሞ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጡ በሽታ አይደለም።)

«ዝናብ ስለዘነበ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል»

ሊሆን ይችላል፣ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። ውሃ ያለበት ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ይጀምራል፣ ሁሉንም ሲሊንደር ይነካል፣ ፀሐይ ብትወጣም አይተወውም። ጥርጣሬ ካለ ከታንኩ ሥር ትንሽ ቀድተው በመስታወት ጠርሙስ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስቀምጡ፤ ውሃ ካለ ሥር ይዘቅጣል።

«ከተነሳ በኋላ ጠፋ፤ ካርቡራተሩ ቆሽሿል»

በነሐሴ ጠዋት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ አየሩ እርጥብ ሲሆን፣ ጤነኛ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ በረዶ ሊጋገር ይችላል። ቤንዚኑ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋልና። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይሞታል፤ ሩብ ሰዓት ቆሞ የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ሲያቀልጠው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። መካኒኩ ሲፈታው ምንም አያገኝም። የላዳ የአየር ፊልትሮ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሞቃት አየር የሚስብበት የክረምት አቀማመጥ አለው፤ ፋብሪካው ያሰበው የሩሲያን በረዶ ቢሆንም ለእኛም ክረምት ይሠራል። ብዙ መኪና ላይ ግን ያ ቱቦ ተነቅሎ ተጥሏል።

«የናፍጣውም ሚኒባስ በእርጥበት እሳት አጥቷል»

ናፍጣ ሞተር ካንዴላና ኮይል የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ነው። በዝናብ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ይክፈቱና ውሃ እንዳለ ይዩ። ጎርፍ አቋርጦ ከጠፋ ግን ደግመው አያስነሱ። የገባው ውሃ ስለማይታመቅ ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ ያጣምመዋል።