ብረት ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ግንባታና ማሽን ቁሶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብረት፣ ኮንክሪት፣ አልሙኒየም፣ መስታወት። ከጠዋት እስከ ማታ ከእጃችን አይጠፉም። ስለምንጠቀምባቸው የምናውቃቸው ይመስለናል። ስለ ባህሪያቸው የምናምነው ነገር ግን አብዛኛው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የመጣ ነው። አንዳንዱ እምነት ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ገንዘብ ያስወጣል፤ ባስ ሲል ሰው ይገድላል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። የቁሱ ስም ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ምን ተቀላቅሎበታል? ምን ያህል ጋለ? በምን ፍጥነት ቀዘቀዘ? ተቀጥቅጦ ነው ወይስ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የወጣው? ባህሪውን የሚወስነው ይሄ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡትም ይሄን ከመርሳት ነው።

«በቀላሉ የማይጫር ነገር በቀላሉ አይሰበርም»

ተራ ምስማር ወስዳችሁ መስታወት ላይ ፈትጉት። ብዙውን ጊዜ የሚፋቀው ምስማሩ እንጂ መስታወቱ አይደለም። ሁለቱንም በመዶሻ ምቷቸው ደግሞ። ምስማሩ ይጣመማል፣ መስታወቱ ይበተናል። አልማዝም እንደዚያው ነው። እሱን መጫር የሚችል ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል።

አለመጫር አንድ ባህሪ ነው፤ ሳይሰበሩ ምትን መቻል ደግሞ ሌላ። የሚለኩትም ለየብቻ ነው። የመጀመሪያው የሚለካው ጠጣር ጫፍ ቁሱ ላይ ተጭኖ የተወውን ምልክት በማየት ነው። ሁለተኛውን ለመለካት ጎኑ ላይ ጭረት የተበጀለት ትንሽ ብረት በሚወዛወዝ መዶሻ ይሰበራል፤ ለመስበር የፈጀው ጉልበት ይመዘገባል። ይሄ ሙከራ በተለያየ የሙቀት መጠን ይደገማል፤ ምክንያቱም በሞቃት ጊዜ የሚለጠጥ ብረት በብርድ ጊዜ እንደ መስታወት ሊሰበር ይችላል።

ጥር 1943 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ወደብ ላይ እንደታሰረች ለሁለት ልትከፈል ምንም አልቀራትም። ማዕበል አልነበረም፣ አልተመታችም። ብርድ ነበር። የብየዳው ጉድለት ስንጥቁን አስጀመረ፣ ብረቱ ደግሞ በዚያ ቅዝቃዜ ሊያስቆመው አልቻለም። አካሏ በሙሉ የተበየደ ስለነበር ስንጥቁ ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው ያለ እንቅፋት ሮጠ።

«የተሻለ ደረጃ ያለው ብረት ብንገዛ አይጎብጥም ነበር»

ይሄኛውን አስተያየት ከባለሙያ አፍ ጭምር ትሰሙታላችሁ። አንድ ተሸካሚ ብረት መሃሉ ላይ ጎበጠ እንበል። ጭነቱ ሲነሳ ይመለሳል፣ ሲጫን ይጎብጣል። መፍትሄ ተብሎ በዚያው መጠን የተሠራ፣ ጥንካሬው እጥፍ የሆነ ውድ ብረት ይገዛል። ውጤቱስ? በዚያው ልክ ይጎብጣል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ ነገር በጭነት ስር ምን ያህል እንደሚጎብጥ ከቁሱ በኩል የሚወስነው አቶሞቹ እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል ነው። ይሄ ኃይል በርካሹም በውዱም ብረት ውስጥ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ግትርነቱ በጊጋፓስካል ሲለካ ለሁሉም ወደ 200 ይጠጋል። ጥቂት ካርቦን ወይም ክሮሚየም መጨመር፣ ማጋልና ማቀዝቀዝ ይሄን ቁጥር እምብዛም አይነካውም። የሚቀይሩት ሌላውን ነው፤ ብረቱ መቼ ጎብጦ እንደማይመለስና መቼ እንደሚሰበር።

ጉብጠቱን መቀነስ ከፈለጋችሁ ቅርጹን ቀይሩ። አራት ማዕዘን የሆነ ተሸካሚ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ 2 እጥፍ ብቻ ይጨምራል። ቁመቱ እጥፍ ቢሆን ግን 8 እጥፍ! ቁሱ የወጣበት ዋጋ እኩል ነው፣ ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር። መሃሉ ቀጭን፣ ላይና ታቹ ሰፊ የሆነው የግንባታ ብረት የተፈጠረው ለዚህ ነው።

አልሙኒየም ወደ 70 ጊጋፓስካል፣ ታይታኒየም ወደ 110 ነው። «ታይታኒየም ከብረት ይበልጣል» የሚባለውም በዚህ መነጽር መታየት አለበት። የታይታኒየም ትልቁ ጥቅሙ መቅለሉ ነው፤ ክብደቱ ከብረት ከ60 በመቶ በታች ነው። በእኩል መጠን ሲሠሩ ግን በማጋልና በማቀዝቀዝ (በሂት ትሪትመንት) የጠነከሩ ብረቶች በጥንካሬ ይበልጡታል፤ የሚጎብጠውም ከብረት በላይ ነው።

«ማንኛውም ብረት ጋል ብሎ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይጠነክራል»

ለመጠንከር ካርቦን ያስፈልጋል። ለበርና ለመስኮት የምንጠቀምበት ተራ ብረት ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ ከ0.25 በመቶ በታች ነው። ቀይ እስኪሆን አግላችሁ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ለውጡ ያን ያህል አይደለም። ካርቦኑ ከ0.6 በመቶ በላይ የሆነው ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል።

ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የብረቱ አቶሞች አሰላለፋቸውን ይቀይራሉ፤ ካርቦኑም በመካከላቸው ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ጊዜ አግኝቶ ይወጣና ብረቱ ለስላሳ ይሆናል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን ካርቦኑ መውጫ ያጣል፤ አቶሞቹን እንዳጣመመ እዚያው ይታሰራል። ይሄ አሰላለፍ በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም ማርተንሳይት ይባላል። በጣም ጠጣር ነው፣ በጣም ተሰባሪም ነው።

ያረጀ ሞረድ ካላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ምቱት። ቅንጣት ሳይጣመም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስብራቱ ግራጫ፣ ቅንጣቶቹ ደቃቅ ናቸው። ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ ነው፤ ግን ሲወድቅ ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ ውሃ ውስጥ መንከሩ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ እንደገና፣ አሁን በመጠኑ፣ ይሞቃል። በእጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይሄን በዓይናቸው ይለኩታል፤ እኔ ሳየው አልጠግብም። የተወለወለው ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ሰማያዊ። ቢጫው ላይ ከቆመ ስለቱ ይበልጣል፤ ሰማያዊው ላይ ከደረሰ ጠጣርነቱ ቀንሶ ምትን ይችላል።

«በፍጥነት በቀዘቀዘ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም ስህተት ነው። አንዳንዱ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ለእሱ የሚሆነው ዘይት ነው። በአየር ብቻ የሚጠነክሩም አሉ። መዳብ ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒ ነው፦ ተቀጥቅጦ የጠነከረ መዳብ ከጋለ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢገባም ለስላሳ ሆኖ ነው የሚወጣው። አንዳንድ የአልሙኒየም ቅይጦችም ገና ከውሃ ሲወጡ ለስላሳ ናቸው። ከዚያ ማንም ሳይነካቸው ከቀን ቀን ይጠነክራሉ። ይሄን በ1906 ያገኘው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ነው፤ ከአልሙኒየም ቅይጥ የሚሠራው አውሮፕላን የመጣው በእሱ ግኝት ላይ ቆሞ ነው።

«ብረት ሲያረጅ ክሪስታል ይሆናል፣ ከዚያ ይሰበራል»

ዕድሜ ያለው እምነት ነው። ግንቦት 1842 ቬርሳይ አቅራቢያ የአንድ ባቡር አክስል (መንኮራኩሮቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ተሰብሮ ብዙ ተሳፋሪዎች አለቁ። በዚያ ዘመን መሐንዲሶች የተሰበረውን ቦታ ሲያዩ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ስላገኙ ብረቱ በመንቀጥቀጥ ብዛት ተለወጠ አሉ። ብረት ግን ከመጀመሪያውም ክሪስታል ነው፣ ማለትም አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ አዲስም ሆነ አሮጌ። ስኮትላንዳዊው ራንኪን በ1843 ስብራቱ ከትንሽ ስንጥቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ እንደሚያድግ አሳየ። ጀርመናዊው ቮለር ደግሞ የባቡር አክስሎችን ደጋግሞ በመጫን ለዓመታት ሞከረው። አንድ ጊዜ ቢጫን ምንም የማይሆን ጭነት ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ይሰብራል። ይሄ የብረት ድካም ይባላል።

ከሁሉም በላይ ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ይሄኛውን ነው። ድካም ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ብረቱ አይጎብጥም፣ አይረዝምም። ስንጥቁ የሚጀምረው ሹል ከሆነ ማዕዘን፣ ከብየዳ ጠርዝ፣ ከጭረት ነው። የተሰበረውን አክስል ብታዩት ከአንድ ነጥብ የሚነሱ ለስላሳ ቅስት መስመሮች አሉት። ስንጥቁ ደረጃ በደረጃ የሄደበት ነው። በሌላኛው በኩል ሻካራ ቦታ አለ፤ ያ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተሰበረው ነው። በ1954 ኮሜት የተባሉ ሁለት የመንገደኞች ጄቶች አየር ላይ የተበተኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ለብዙ የብረት ዓይነቶች ጭነቱ ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ድካም አይሰብራቸውም። አልሙኒየም ግን ግልጽ ወሰን የለውም። ስለዚህ የአውሮፕላን ክፍሎች በረራቸው ይቆጠራል።

«ስቴንለስ አይዝግም፤ ማግኔት ከሳበው ፎርጅድ ነው»

ሁለቱም አያስኬዱም። ስቴንለስን የሚጠብቀው ቢያንስ 10.5 በመቶ የሚሆነው ክሮሚየም ነው፤ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫርም ራሱን ይጠግናል። ጨው ሲበዛበት ግን ይበሳል፤ ከዚያ ትናንሽ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ተራ ብረት በተፈጨበት ዲስክ ወይም በተራ የሽቦ ብሩሽ ከተፈተገም የብረቱ ብናኝ ላዩ ላይ ቀርቶ ይዝጋል።

ማግኔቱስ? ኒኬል ያለበትን 304 ዓይነት ማግኔት አይስበውም። ኒኬል የሌለውን 430 ግን ይስበዋል፤ እሱም እውነተኛ ስቴንለስ ነው። ያው 304 ራሱ ሳይሞቅ የታጠፈበት ቦታ ላይ በትንሹ ሊሳብ ይችላል።

«ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ነው»

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ኬሚካላዊ ውህደት ይፈጥራል። ውሃ ውስጥ ሆኖም ይጠነክራል። ከተሞላ በኋላ ፀሐይ ላይ ውሃው ቶሎ ከተነነ ውህደቱ ይቋረጥና ላዩ ይሰነጠቃል። ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡ የሚባለው ለዚህ ነው። በ28 ቀን መፈተኑ የመለኪያ ስምምነት ነው እንጂ ጥንካሬው ከዚያም በኋላ ይጨምራል።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ማቀላቀያው ዘንድ ነው። ሙሊቱ ወፍራም ሆኖ ሲያስቸግር አንድ ባልዲ ውሃ ይጨመርበታል። ሥራው ይቀላል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ሲሚንቶው ለውህደቱ የሚፈልገው ውሃ የክብደቱን ሩብ ገደማ ነው። ለማቀላቀል እንዲመች ብዙ ጊዜ ከሲሚንቶው ክብደት ከ0.4 እስከ 0.6 እጅ ይደረጋል። ከዚያ የተረፈው ውሃ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔ ጥንካሬን እንደሚወስን አሜሪካዊው ተመራማሪ ደፍ አብራምስ በ1918 አሳውቆታል። መቶ ዓመት አልፎም ባልዲው አልቆመም፤ ይሄ በእውነት ያሳዝናል።

«ብረት ካልቀለጠ በእሳት አይወድቅም»

ተራ የግንባታ ብረት የሚቀልጠው ወደ 1500 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ግን ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ወርዷል። የሕንፃ ቃጠሎ ይሄን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ምሶሶዎች እሳት በሚቋቋም ነገር የሚሸፈኑት ለዚህ ነው።

«መስታወት ቀስ ብሎ የሚፈስ ፈሳሽ ነው»

የአውሮፓ አሮጌ መስኮቶች ታቻቸው ስለሚወፍር የመጣ ወሬ ነው። የድሮ መስታወት በማሽከርከር ስለሚሠራ ውፍረቱ እኩል አልነበረም፤ ወፍራሙን ጎን ወደ ታች ማድረግ ደግሞ ያመቻል። በተራ ሙቀት መስታወት ጠጣር ነው።

የመኪና የጎን መስታወት ከተራው የሚለየው በአሠራሩ ነው። ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቅና ላዩ በአየር ግፊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ላዩን ይጨምቀዋል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ያ ጭመቃ ከተራው ወደ 4 እጥፍ ያጠነክረዋል። መቁረጥም ሆነ መብሳት ካለ ግን ከማሞቁ በፊት መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቢሞከር ሙሉው በአንዴ ወደ ደቃቅ ፍርፋሪ ይበተናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መስታወት ስታዝዙ ልኬቱንና የቀዳዳዎቹን ቦታ አስቀድማችሁ ጨርሱ።