ኢንሴፕሽን «ሕልም ውስጥ ሕልም» አይደለም

ፎቶ ውስጥ ፎቶ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ቴሌቪዥን በታየ ቁጥር «ይሄማ ኢንሴፕሽን ነው!» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ከየት እንዳመጣው ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የክሪስቶፈር ኖላን ፊልም ርእሱ ኢንሴፕሽን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሕልም ውስጥ ገብተው እዚያው ሌላ ሕልም ያልማሉ። ተመልካቹም ስሙን ለዚህ ሰጠው። ፊልሙ ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ነው፦ በሰው አእምሮ ሐሳብ ተክሎ፣ ራሱ ያመነጨው እንዲመስለው ማድረግ። ጉዳዩ መጀመር ነው እንጂ መደራረብ አይደለም።

ፊልሙ የፈጠረው ቃል የሚመስላቸውም አሉ። እንግሊዝኛ ቃሉን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ምንጩ ላቲን ነው፤ «መጀመር» የሚለው ግሥ የተሠራው «መያዝ» ከሚለው ነው። ለእኛ ይሄ እንግዳ አይደለም። አንዷ ማልቀስ ስትጀምር «ለቅሶውን ተያያዘችው» እንል የለ?

ኢንሴፕሽንና ኮንሴፕሽን አንድ ናቸው የሚባለውስ? የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። ኮንሴፕሽን ጽንስ ነው፤ ነገሩ ገና በሆድ ወይም በሐሳብ ነው። ኢንሴፕሽን ነገሩ በተግባር ሲጀመር ነው። አንድ ድርጅት ዛሬ ታስቦ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊመሠረት ይችላል። እኔን ብትጠይቁኝ የኢንሴፕሽን ምርጥ አማርኛው «ጥንስስ» ነው። ጌሾው ጋን ውስጥ ውሃ ከነካ፣ ጠላው ገና ቢሆንም ነገሩ ተጀምሯል።

ጅማሬ ማለት ከሆነ የትም ይገባል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። «የጨዋታው ኢንሴፕሽን ስንት ሰዓት ነው?» ብትሉ እንግሊዞቹ ይስቃሉ። ቃሉ ኮስታራ ነው። ለተቋም፣ ለፕሮጀክት፣ ለውል ይሆናል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ጀምሮ ስንል፣ «ከተመሠረተ ጀምሮ» የሚለው ቦታ ላይ ልክ ይገባል። በኢንሹራንስ ደግሞ ኢንሴፕሽን ዴት የሚባለው ሽፋኑ የሚጀምርበት ቀን ነው። የፈረማችሁበት ቀን ላይሆን ይችላልና ፖሊሲው ላይ ፈልጉት።

የኤንጂኦ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኢንሴፕሽን ሪፖርት ሲባሉ፣ ጨረታ ያሸነፉበትን ፕሮፖዛል ሽፋኑን ቀይረው የሚልኩ አሉ። ሪፖርቱ ግን ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ መረጃ መሰብሰብ ሳይጀመር የሚቀርብ ነው። ሥራውን እንዴት እንደተረዳችሁት፣ በምን ዘዴ እንደምትሠሩት፣ ማንን መቼ እንደምታነጋግሩ ይጠየቃል። ከአሠሪው ጋር ከተነጋገራችሁ ወዲህ የተቀየረ ነገር ካለም እዚያ ይገባል። በአንድ ሌሊት ኮፒ ፔስት አድርጌ የላክሁትን አንዱን አውቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን በቀይ ተሞልቶ ተመለሰልኝ።