ከራስ መነጠልን በቅርጻ ቅርጽ መግለጽ፦ የሚባለውና እውነታው

ሰው ራሱን ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሲመስለው፣ ወይም ዙሪያው ያለው ሁሉ ከመስታወት ጀርባ የራቀ ሆኖ ሲሰማው ሐኪሞች ዲሶሲየሽን ይሉታል። ይህን ስሜት የሚያሳዩ ቅርጻ ቅርጾችና ኢንስታሌሽኖች (ተመልካቹ ገብቶ እንዲያያቸው አንድን ቦታ ሞልተው የሚሠሩ የጥበብ ሥራዎች) በተነሡ ቁጥር የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ።

«የእብደት ሥራ ነው።»
አይደለም። ስሜቱ የመጣበት ሰው እጁ የራሱ መሆኑን ያውቃል፤ የራሱ ሆኖ አይሰማውም እንጂ። ከአዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ያጋጥማቸዋል። ኑሮ የሚያውክ ሕመም የሚሆነው በጥቂቶች ላይ ነው።

«አርቲስቱ ራሱን ስቶ ሳለ የሚወጣለት ነው።»
ይህኛው ያሳዝነኛል፤ የሠሪውን ልፋት ይክዳልና። ጃፓናዊቷ አርቲስት ያዮይ ኩሳማ በልጅነቷ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያሉ ቀያይ አበቦች ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ በመጨረሻም የገዛ አካሏን ሲወርሱ ማየቷንና ራሷ የጠፋች እንደመሰላት ተናግራለች። (የእሷ ገጠመኝ ቅዠትም የተቀላቀለበት ነው።) እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ ውስጥ ያሳየችው የመስታወት ክፍል ግን በድንገት የፈነዳ ስሜት አይደለም። ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ በሙሊት ተወጥሮ ወለሉ ላይ ተደረደረ፤ ግድግዳው መስታወት ለበሰ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ምስሉ በየአቅጣጫው ይባዛበትና አካሉ የት እንደሚያበቃ፣ ክፍሉ የት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። እንዲህ የሚያደርግ ክፍል ሳይታቀድና ሳይለካ አይቆምም።

«የተሰባበረ አካል ካልታየበት ስሜቱ ለተመልካች አይገባውም።»
ስብራት ጉዳትን እንጂ ርቀትን አያሳይም። ከዚህ ስሜት በጣም የሚቀርበው የማውቀው ሥራ ሰው የሚመስል ቅርጽ የለበትም። እንግሊዛዊው ቀራፂ አንቶኒ ጎርምሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ውስጥ አንድ የመስታወት ክፍል በጉምና በደማቅ ብርሃን ሞላ። የገባው ሰው የገዛ እግሩን እንኳ ማየት ያቅተዋል፤ ውጭ የቆመው ደግሞ ወደ መስታወቱ የተጠጋውን ብቻ እንደ ጥላ ያየዋል። ጎርምሊ ስለ ሕመም ብሎ አልሠራውም፤ ስሜቱን ለሚያውቅ ሰው ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«መሥራቱ ይፈውሳል።»
የጭቃው ቅዝቃዜና ክብደት አንዳንዱን ሰው ወደ አካሉ ይመልሰዋል። ሌላውን ግን ያንን ስሜት መልሶ መገንባቱ ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ስለዚህ የሚከታተለው ባለሙያ ቢኖር ይሻላል። ኩሳማ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በራሷ ምርጫ ቶኪዮ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እየኖረች፣ አቅራቢያው ባለው ስቱዲዮዋ ስትሠራ ቆይታለች። ሥራው ሕክምናውን አልተካውም። ለተመልካችም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ክፍል የሚያዘጋጅ ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለ በሩ ላይ ይጻፍ፤ መውጫውንም በግልጽ ያሳይ።