የአፈርና የጉድጓድ ውኃ ናሙና በጎጃም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በዳንግላ ጋራዥ ወይም ነዳጅ ማደያ የነበረበት ቦታ ለመኖሪያ ሲታሰብ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከመሬቱ በታች ምን እንደቀረ ነው። መልሱን የሚሰጠው ናሙና ነው። በተሳሳተ መንገድ የተወሰደ ናሙና ግን የቱንም ያህል በውድ መሣሪያ ቢመረመር ሰው ያሳስታል። ስለዚህ የሚከተሉት አባባሎች በዝምታ ሊታለፉ አይገባም።

«አፈሩን ከየቦታው ዘግኖ፣ ደባልቆ መላክ ነው»

ልማዱ የመጣው ከእርሻ ነው፤ በእርሻም ትክክል ነው። የጎጃም ደጋ አርሶ አደር መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ኖራ ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ፣ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ሰብስቦ ይቀላቅላል፤ የሚፈልገው አማካዩን ነውና። የተበከለ ቦታ ሲጠና ግን የሚፈለገው የከፋው ነጥብ ነው። ከአሥር ነጥቦች ዘጠኙ ንጹሕ፣ አንዱ ናፍጣ የጠጣ ቢሆን፣ መደባለቁ ብክለቱን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል፤ ሪፖርቱም «ደኅና ነው» ይላል። ቤንዚን ደግሞ ገና አፈሩ ሲታሽ ይተናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብና እያንዳንዱ ጥልቀት ለብቻው ይታሸጋል። ታንከሩ የተቀበረበት ግርጌ፣ የቧንቧው መገጣጠሚያና ያገለገለ ዘይት ሲደፋበት የኖረው ጥግ ቅድሚያ ያገኛሉ። ብክለት ካልደረሰበት ተመሳሳይ አፈርም ለማነጻጸሪያ ይወሰዳል።

«የእኛ አፈር ሸክላማ ነው፤ ወደ ታች አያሳልፍም»

መረሬ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የፈሰሰ ነዳጅ በዚያ በኩል በቀጥታ ይወርዳል። ቀዩም ቢሆን ሥርና ምስጥ የከፈቱት መንገድ አለው። ከሥር ያለው ባዛልትም ስንጥቅ የበዛበት ነው፤ በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉት ምንጮች የሚፈልቁት ከእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ነው።

«ጉድጓድ ካለ አንድ ባልዲ መቅዳት ነው»

የከርሰ ምድር ውኃን ለመመርመር ተብሎ በተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ (የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ) ቧንቧ ውስጥ የቆመው ውኃ ከአየር ጋር ተነካክቶ የቆየ ነው፤ በዙሪያው ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ አይወክልም። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሊትር ያህል ይይዛል። 6 ሜትር ውኃ ካለበት 12 ሊትር ማለት ነው፤ በተለመደው አሠራር የዚህ ሦስት እጥፍ፣ 36 ሊትር ያህል፣ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ይወገዳል። የተሻለው መንገድ ፓምፑን በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ባልበለጠ ፍጥነት እያስኬዱ የፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ)፣ የሙቀትና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ንባብ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። የተወረወረ ባልዲ ውኃውን ይንጠዋል፤ እንደ ቤንዚን ያለው ተናኝ ነገር ይጠፋል፣ ደለሉም ተነሥቶ የብረታ ብረቱን መጠን ያንረዋል። የእጅ ጉድጓድ ሌላ ነው። 1 ሜትር ስፋት ያለው በየሜትሩ 800 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ የቆመውን ውኃ አስቀድሞ ማስወገዱ አይሞከርም፤ መንደሩ ማለዳ በብዛት ከቀዳ በኋላ፣ አዲስ ውኃ ሲገባ መውሰድ ይሻላል።

«የታጠበ ሃይላንድ ይበቃል»

አይበቃም። ለቤንዚን ናሙና 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ እስከ አፉ ይሞላል፤ ከተከደነ በኋላ ተገልብጦ በጣት መታ መታ ሲደረግ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ከታየች እንደገና ይወሰዳል። ለብረታ ብረት የሚወሰደው ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ሁሉም ወዲያው በረዶ ባለበት ሣጥን ገብቶ፣ ከ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙም ሳይርቅ፣ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ የሚጓዝ ከሆነ በረዶው ለመንገዱ ርዝመት መታሰብ አለበት።

«ውኃው ጥርት ያለ ነው»

ጥርት ማለቱ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ለምሳሌ ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ውኃ የሚገባው ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ ይበልጥ የሚጎዳው በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ነው።

«አንድ ጊዜ ተመርምሯል፤ በቃ»

ክረምቱ ሲያበቃ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ይላል፤ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል። ነዳጅ በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል፤ በመንገዱም አፈሩን ይቀባል። በአንዱ ወቅት «የለም» የተባለው በሌላው ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ዙሮች ከመጀመሪያው በጀት ሊያዝላቸው ይገባል። በሁለቱም ጊዜ የውኃው ከፍታ ከሦስት ባላነሱ ጉድጓዶች ካልተለካ፣ ብክለቱ ወደየትኛው ጎረቤት ጉድጓድ እያመራ እንደሆነ መናገር አይቻልም።