ካሴት ምንድን ነው?

በአማርኛ «ካሴት» ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ኪስ የሚገባው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሌላው ደግሞ ዘፋኙ ያወጣው ሥራ ሙሉው። «አዲስ ካሴት አወጣ» ማለት አልበም አወጣ ማለት ነው፤ ሲዲ ከመጣ በኋላም ብዙ ሰው አነጋገሩን አልቀየረም። ዕቃው ከሱቅ ጠፋ፣ ቃሉ ቀረ።

ዕቃውን ፊሊፕስ በ1963 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ውስጡ ያለው ክር ስፋቱ 4 ሚሊሜትር አይሞላም፤ አንድ ፊቱ በብረት ኦክሳይድ ተቀብቷል፣ ድምፁ የሚቀረጸው እዚያ ላይ ነው። በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ሲ-60 የሚባለው በየጎኑ 30 ደቂቃ ይይዛል፣ ክሩም 90 ሜትር ያህል ነው። ሲ-90 ደግሞ 45 ደቂቃ። የፕላስቲክ ቤቱ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ የሲ-90 ክር ይበልጥ ስስ ነው፣ ለመሳሳብና ለመጠማዘዝም ይቀርባል። 

«ቴፑ ካሴቱን በላው» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ክሩን የሚስበው ቀጭን የብረት ዘንግና እሱን የሚጫነው ጎማ ናቸው፤ የወጣውን የሚጠቀልለው ደግሞ የመቀበያው ጥርስ ነው። የቴፑ ቀበቶ ከላላ ዘንጉ መሳቡን አይተውም፣ ጥርሱ ግን አይጠቀልልም። የተረፈው ክር ጎማው ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የካሴቱ ሳይሆን የቴፑ ነው። ያኔ በኃይል መጎተት አይገባም፤ ክሩን ቀስ አድርጎ አላቆ፣ ስድስት ማዕዘን ያለው እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ከቶ ማጠንጠን ነው።

ድምፁ ከታፈነ መጀመሪያ የሚታየው ክሩን ከሄዱ (ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ጋር የሚያስጠጋው ትንሽ የስፖንጅ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ነው። ሙጫው ሲደርቅ ተነቅሎ ይወድቃል። ቤቱ በብሎን የተገጠመ ከሆነ ተፈትቶ ይለጠፋል፤ በሙቀት የተጣበቀ ከሆነ ግን መሰንጠቅና ክሩን ወደ ሌላ ቤት ማዛወር የግድ ነው።

ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ የቴፑን ሄድና ጎማ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉ። ለዓመታት ያልተጫወተ ካሴት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጠንጥኖ ይመለስ፤ የተጣበቀው ይላቀቃል። የጀርባውን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች መስበር አይርሱ፤ ካልተሰበሩ በስህተት «ሪከርድ» ሲጫን ዘፈኑ ይጠፋል። ከቴፑ የሚመጣው ሽቦ ኮምፒውተሩ ላይ ላይን-ኢን (ከሌላ ማጫወቻ ድምፅ የሚቀበለው ቀዳዳ) ላይ ይሰካ እንጂ ማይክ ላይ አይሰካ፤ ማይክ ድምፁን ያንጫርረዋል፣ ብዙ ጊዜም የግራና የቀኙን ቻናል ወደ አንድ ይጨፈልቃል። በመቅረጫው ፕሮግራም የድምፅ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፤ ኤምፒስሪ በኋላ ከእሱ ይወጣል። አቋራጭ የለም፦ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል።

ስትሪሚንግ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ብቻ ነው። የካሴት ሽፋን ላይ ግን ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን አውጥተው በሁለቱም ፊት ስካን ያድርጉና ከድምፁ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡት።