ዝግ ቅድመ ምርጫ ማለት ምን ማለት ነው?

የአሜሪካን ምርጫ በስልኩ የሚከታተል የባሕር ዳር ወጣት ብዙ ነው፤ ዘመድ እዚያ ያለው ደግሞ ይብሳል። ሁሉንም የሚያደናግረው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ አዳራሽ የሚሞላ ደጋፊ ያለው ሰው እንዴት በገዛ ፓርቲው ውስጥ ይሸነፋል?

በእኛ አገር የፓርቲን ዕጩ የሚወስነው ፓርቲው ራሱ ነው፤ እኛ ድምፅ የምንሰጠው ዕጩው ከቀረበልን በኋላ ነው። እዚያ ግን ዕጩውም በድምፅ ይለያል፤ ቅድመ ምርጫ የሚባለው ይህ ነው። ዝግ ከሆነ ድምፅ የሚሰጠው በፓርቲው ስም የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። ፋሲሎ ክፍለ ከተማን ቤት ለቤት ዞራችሁ መቶ ሰው ብታሳምኑ፣ ስማቸው በፓርቲው መዝገብ ከሌለ አንድም ድምፅ አታገኙም እንደማለት ነው።

ለምሳሌ የአሜሪካው ፖለቲከኛ በርኒ ሳንደርስ ለረጅም ዓመታት በምክር ቤት የተቀመጡት በግል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በዴሞክራቲክ ፓርቲ ሲወዳደሩ ዝግ የሆነው የኒው ዮርክ ቅድመ ምርጫ ኤፕሪል 19 ዋለ። ቀድሞ የተመዘገበ መራጭ ፓርቲውን መቀየር የሚችለው ግን እስከ ኦክቶበር 9 ቀን 2015 ብቻ ነበር፤ ከምርጫው ቀን ከስድስት ወር በላይ ቀድሞ ማለት ነው! አዲስ ተመዝጋቢ እስከ ማርች 25 ጊዜ ነበረው። ተፎካካሪያቸው ሂላሪ ክሊንተን ያሸነፉት በዚህ ደንብ ብቻ ነው አልልም፤ ሰፊ ልዩነት ነበራቸው። ሆኖም ዘመቻው ሳይሟሟቅ በር የሚዘጋ ቀነ ገደብ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም።

የፓርቲው ሹማምንትም ዕጩው በይፋ በሚለይበት የፓርቲው ጉባኤ ላይ፣ በቅድመ ምርጫው የሕዝብ ድምፅ ሳይታሰሩ የፈለጉትን ይመርጡ ነበር። ፓርቲው በ2018 እ.ኤ.አ. ደንቡን አሻሽሎ፣ ፉክክሩ ካልለየለት በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ አድርጓል።