የኮንፈረንስ ፕሌይኦፍ ምንድን ነው? የኮሌጅ አይስ ሆኪ ሁለተኛው በር

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባውን ነገር ላስቀድም። በ2023 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኩዊኒፒያክ የሚባል በኮኔቲከት ግዛት ያለ ዩኒቨርሲቲ በኮንፈረንሱ የደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ቀጥሎ በዚያው ኮንፈረንስ ፕሌይኦፍ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸንፎ ወጣ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ የመላው አሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ታዲያ መሃል ላይ ያለው ውድድር ምን ሊረባ ነው የሚዘጋጀው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ፕሌይኦፉ በዋናነት የሚጠቅመው እንደ ኩዊኒፒያክ ያሉትን ሳይሆን ከኋላ የቀሩትን መሆኑ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን ዲቪዥን አንድ ይባላል። በወንዶች አይስ ሆኪ እዚያ እርከን ላይ የሚጫወቱት ዩኒቨርሲቲዎች ከ60 ትንሽ ቢበልጡ ነው። አብዛኞቹ በስድስት ኮንፈረንሶች ተከፋፍለዋል። ኮንፈረንስ ማለት በቃ የራሱ ሊግ ያለው የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ነው። ከመኸር ጀምሮ ክረምታቸውን ሙሉ እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ ነጥብ ይሰበስባሉ፣ አንደኛ የወጣው ዋንጫ ይወስዳል። መጋቢት ሲገባ ግን ያ ሁሉ ነጥብ ወደ ጎን ይደረግና በጥሎ ማለፍ እንደገና ይገናኛሉ። ፕሌይኦፍ የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የአገሪቱ ሻምፒዮና የሚቀበለው 16 ቡድን ብቻ ነው። ስድስቱ ቦታ ያለ ምንም ክርክር ለስድስቱ ኮንፈረንሶች የፕሌይኦፍ አሸናፊዎች ይሰጣል። ልብ በሉ፣ በሊጉ አንደኛ ለወጣው አይደለም። የቀሩት 10 ቦታዎች በሒሳብ ይሞላሉ፤ ማንን አሸነፍክ፣ በማን ተሸነፍክ፣ ተጋጣሚዎችህ ምን ያህል ጠንካሮች ነበሩ እያለ ቡድኖቹን ሁሉ በተራ የሚደረድር ቀመር አለ። በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ኮሚቴ ተቀምጦ ይከራከራል። ሆኪ ላይ ቁጥሩ የወሰነው ወሰነ ነው። የእንግሊዝን ኳስ የምትከታተሉ ከሆነ ኤፍኤ ካፕን አስቡት፤ በሊጉ 15ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ዋንጫውን ካነሳ አውሮፓ የሚያስገባው መንገድ ይከፈትለታል። ነገሩ ይቀራረባል።

እንግዲህ ወደ ምሳሌያችን። የኩዊኒፒያክ ኮንፈረንስ ኢሲኤሲ ሆኪ ይባላል፣ 12 ቡድኖች አሉት። ግማሾቹ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮርኔል፣ ብራውንና ዳርትማውዝ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ለስፖርተኛ ብለው ስኮላርሺፕ የማይሰጡ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከመጀመሪያው ዙር የሊጉ አራት መሪዎች ያርፋሉ። የቀሩት ስምንቱ ባለ ከፍተኛ ደረጃው ሜዳ ላይ አንድ ጨዋታ ተጫውተው ግማሹ ይሸኛል። ሩብ ፍጻሜው ግን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የሚያልፍበት የሦስት ጨዋታ ፉክክር ነው፣ እሱም በባለሜዳው ቤት። ለእኔ ፍትሐዊው ክፍል ይሄ ነው። በአንድ ምሽት ዕድል መሪውን መጣል ይቻላል፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ጊዜ፣ የሰው ሜዳ ላይ፣ ተማሪው ጆሮህ ላይ እየጮኸ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው።

ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜው የሚደረገው ኒውዮርክ ግዛት ተራራ ውስጥ ሌክ ፕላሲድ በምትባል መንደር ነው። 2 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ይቺ መንደር የክረምት ኦሊምፒክን ሁለት ጊዜ አስተናግዳለች፣ በ1932 እና በ1980። በ1980 በአብዛኛው ከኮሌጅ የተሰበሰበ የአሜሪካ ቡድን ኃያሏን ሶቪየት ኅብረት 4 ለ 3 ያሸነፈው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ አሁን በዚያ ቡድን አሰልጣኝ በኸርብ ብሩክስ ስም ይጠራል። የ20 ዓመት ልጅ እዚያ በረዶ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ።

አንድ ሌላ ልዩነት አለ፣ ተጨማሪ ሰዓቱ። በመደበኛው ወቅት አቻ ከሆኑ ሦስት ለሦስት ሆነው አምስት ደቂቃ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ነገሩ ቶሎ ይቋጫል። ፕሌይኦፍ ላይ እንዲህ ያለ ማሳጠሪያ የለም፤ መለያ ምትም የለም። ሙሉ ቡድን ገብቶ 20 ደቂቃ ይጫወታል፣ ጎል ካልገባ ሌላ 20፣ ካልገባ ሌላ 20። በ2015 ሆኪ ኢስት በሚባለው የቦስተን አካባቢ ኮንፈረንስ ማሳቹሴትስና ኖትር ዳም አምስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው ማሳቹሴትስ 4 ለ 3 አሸነፈ። 151 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ፈጀ። መደበኛው ጨዋታ 60 ደቂቃ መሆኑን አትርሱ። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ያ ሁሉ ልፋት ከሦስቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ብቻ መሆኑ ነው፤ ኖትር ዳም ሁለቱን ቀጣዮች አሸንፎ አለፈ።

ወደ 2023 እንመለስ። ኩዊኒፒያክን በግማሽ ፍጻሜ የጣለው ኮልጌት ነው፣ 2 ለ 1፣ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት። በማግስቱ ሃርቫርድን 3 ለ 2 አሸንፎ ከ1990 ወዲህ የመጀመሪያውን የፕሌይኦፍ ዋንጫ አነሳ። ኩዊኒፒያክም ሃርቫርድም በሒሳቡ ደረጃቸው ከፍ ያለ ስለነበር ሽንፈቱ ከአገሪቱ ሻምፒዮና አላስቀራቸውም። ኮልጌት ግን በሒሳብ ቢሆን ወደዚያ ቤት አይገባም ነበር። ስለዚህ ኩዊኒፒያክም ሃርቫርድም ከ10ሩ የሒሳብ ቦታዎች ወሰዱ ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ፕሌይኦፉን ቢያሸንፍ ኖሮ አንድ ቦታ ለሌላ ቡድን ይተርፍ ነበር። ከመስመሩ በታች ከቀሩት አንዱ አላስካ ፌርባንክስ ነው። አላስካ የየትኛውም ኮንፈረንስ አባል አልነበረም፤ ስለዚህ የሚጫወተው ፕሌይኦፍም የለውም። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ውጤት መጠበቅ ብቻ።

ኮልጌትስ ምን ሠራ? በመጀመሪያው ጨዋታ በሚሺጋን 11 ለ 1 ተሸነፈ። ኩዊኒፒያክ ደግሞ ታምፓ ላይ በፍጻሜው ሚኔሶታን ተጨማሪ ሰዓቱ በተጀመረ በ10ኛው ሴኮንድ በገባች ጎል 3 ለ 2 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ።

ይሄን ያየ ሰው «በቃ፣ የማይገባውን ቡድን እያስገቡ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን በ2025 ኮርኔልን እዩ። አሰልጣኙ ማይክ ሼፈር ከ30 ዓመት በኋላ ሊሰናበት የመጨረሻ ወቅቱ ነው፣ ቡድኑ በሒሳቡ ሩቅ ነው፣ ያለው መንገድ ሌክ ፕላሲድ ላይ ማሸነፍ ብቻ ነው። አሸነፈ። አልፎ ሄዶ በአገሪቱ ሻምፒዮና ከታላላቆቹ አንዱን ሚሺጋን ስቴትን 4 ለ 3 አሰናበተ። የቀጣዩንም ጨዋታ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የተሸነፈው በተጨማሪ ሰዓት ነው። ሁለተኛው በር ባይኖር ይሄ ቡድን ወቅቱን በመጋቢት አጋማሽ ዘግቶ ይበተን ነበር። እኔ በበኩሌ ለአንድ ኮርኔል ሲባል አንድ 11 ለ 1 መታገሥ ይቻላል ባይ ነኝ። የአላስካ ደጋፊ ብሆን ኖሮ ግን እንዲህ የምል አይመስለኝም።

አሁን አሁን ክርክሩ የት ይጫወቱ የሚለው ላይ ነው። ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ ፕሌይኦፉን ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሜዳ ካዞረ ቆየ። ፍጻሜውን ሴንት ፖል ከተማ ሚኔሶታ ውስጥ ሲያደርግ የነበረው ኤንሲኤችሲ የሚባለው ኮንፈረንስም ከ2026 ጀምሮ በባለሜዳው ቤት እንዲሆን ወስኗል። ምክንያቱ አይጠፋችሁም፤ ትልቅ አዳራሽ በማይቀራረቡ ከተሞች ደጋፊ መሙላት ከባድ ነው፣ የካምፓስ ሜዳ ግን ጢም ይላል። ሆኪ ኢስት እስካሁን ቦስተን ቲዲ ጋርደን፣ ኢሲኤሲም ሌክ ፕላሲድ ላይ ነው የሚያጠናቅቁት። ቲዲ ጋርደን ቢቀየር ብዙም አይከፋኝ፣ ሌክ ፕላሲድን ግን ባይነኩት ይሻላል።